ጨለማን የሚያሳይ ሄልሜት እንዴት ይነደፋል?

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ወዳጆቼ መልስ መስጠት ብዙ ጊዜ ያስቸግረኛል። «በሌሊት የሚያሳይ የሄልሜት ማሳያ እነድፋለሁ» ስላቸው አንዳንዶቹ ፊልም ላይ ያዩት አረንጓዴ ምስል ትዝ ይላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ «ታዲያ ሄልሜት ላይ ካሜራና ስክሪን መግጠም ምን ያስቸግራል?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደዚህ ሙያ ስገባ የማስበው እንደዚያው ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ደረጃ ነው።

ከዓመታት በፊት፣ እዚህ አሜሪካ በምሠራበት ድርጅት፣ አዲስ ዲጂታል ማሳያ ሠርተን ለመስክ ሙከራ ወጣን። ሌሊቱ ጨረቃ አልባ ነበር። ካሜራችን ግሩም ነው፤ በኮከብ ብርሃን ብቻ የዛፉን ቅጠል ከቅርንጫፉ ለይቶ ያሳያል። ሄልሜቱን ያጠለቁት በጡረታ ላይ ያሉ የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበሩ። ሜዳውን ተራምደው ጨረሱ፤ ከዚያም ሦስት ደረጃ ብቻ ያላትን የእንጨት መውረጃ መውረድ ጀመሩ። የመጨረሻዋን ደረጃ ሳቷት። ወደቁ፤ የእጃቸው አንጓም ተሰበረ።

በማግስቱ ቪዲዮውን መልሰን አየነው። ደረጃዋ ጥርት ብላ ትታያለች። ካሜራው አላጠፋም። ጥፋቱ ምስሉ ዓይናቸው ዘንድ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ይህን መዘግየት ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ራሴ ለክቼ በሰንጠረዥ አስፍሬዋለሁ። በስብሰባው ላይ ሁሉም የምስሉን ጥራት ሲያደንቅ እኔም አብሬ ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዝምታ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ከማንም ምስጢራዊ ሰነድ የተወሰደ አይደለም፤ በሙያው መጻሕፍትና ለሕዝብ ይፋ በሆኑ ዘገባዎች የሚገኝ ነው።

የቱቦው ዘመን

የሌሊት መነጽር አዲስ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ የአሜሪካ ወታደሮች በኦኪናዋ ጠመንጃ ላይ የሚገጠም የሌሊት መነጽር ተጠቅመዋል። ያ መሣሪያ ግን ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚረጭ የራሱ መብራት ያስፈልገው ነበር። ችግሩ ተመሳሳይ መሣሪያ ያለው ጠላት መብራቱን ከሩቅ ማየት መቻሉ ነው። በቬትናም ጦርነት ወቅት መብራት የማያስፈልገው፣ የኮከብና የጨረቃን ብርሃን ብቻ የሚያጎላ መነጽር መጣ። በ1970ዎቹ ሁለተኛው ትውልድ፣ ቀጥሎም ጋሊየም አርሴናይድ የተባለውን ንጥረ ነገር የሚጠቀመው ሦስተኛው ትውልድ ተከተሉ።

የእነዚህ ሁሉ ልብ አንዲት አጭር ቱቦ ናት። ከፊት የገባው ደካማ ብርሃን ስስ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖች ይፈልቃሉ። ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ ኤሌክትሮኖቹ ከፀጉር የቀጠኑ ሚሊዮኖች ቀዳዳዎች ባሉት ስስ ሰሌዳ ውስጥ ሲያልፉ ከግድግዳው ጋር እየተላተሙ ይበዛሉ፤ አንዱ ሺዎች ይሆናል። በመጨረሻ ፎስፈር የተቀባ መስታወት ላይ ሲያርፉ መስታወቱ ያበራል። አረንጓዴው ቀለም የመጣው ከዚሁ ፎስፈር ነው፤ ዛሬ ነጭ ምስል የሚሰጡም አሉ።

በዚህ አሠራር ውስጥ ኮምፒዩተር የለም፤ ምስል የሚቆጥር፣ የሚያከማች፣ የሚጠብቅ ነገር የለም። ስለዚህ መዘግየት የሚባል ነገር ከቁጥር አይገባም። ጉድለቱ ሌላ ነው። የተለመደው የአብራሪዎች መነጽር የሚያሳየው 40 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ያለ መነጽር በሁለት ዓይናችን ወደ ጎን የምናየው ግን ወደ 200 ዲግሪ ይጠጋል። በቱቦው ምስል ላይ ካርታ፣ ከፍታ ወይም አቅጣጫ ለማሳየት ሌላ መሣሪያ መለጠፍ ያስፈልጋል። ምስሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም ከሙቀት ካሜራ ምስል ጋር ማዋሃድም ቀላል አይደለም።

ዲጂታሉ ምን አመጣ?

ዲጂታል ማሳያ አራት ነገሮችን በሰልፍ ያቆማል፤ ካሜራ፣ ማቀነባበሪያ፣ ስክሪንና ስክሪኑን ለዓይን የሚያደርስ ሌንስ። ብርሃኑ ወደ ቁጥር ስለተቀየረ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን መሥራት ይቻላል። የሙቀት ካሜራን ምስል መደረብ፣ መንገድ ማመልከት፣ መቅዳት፣ ማስተላለፍ ሁሉ ይቻላል።

የዚህ መንገድ ጀማሪ ከሚባሉት አንዱ በ1980ዎቹ አገልግሎት ላይ የዋለው የአፓቼ ሄሊኮፕተር ሄልሜት ነው። የሙቀት ካሜራው በሄሊኮፕተሩ አፍንጫ ላይ ተገጥሞ አብራሪው ራሱን ባዞረበት ይዞራል፤ ምስሉ ደግሞ በቀኝ ዓይኑ ፊት ባለች ትንሽ መስታወት ላይ ይታያል። የእይታው ስፋት ወደ ጎን 40፣ ወደ ላይና ወደ ታች 30 ዲግሪ ነው። ልብ በሉ፤ ካሜራው ከአብራሪው ዓይን 3 ሜትር ያህል ወደ ፊት፣ 1 ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ታች ነው። አብራሪው ቀኝ ዓይኑ አፍንጫው ላይ ተቀምጦ እንደሚያይ፣ ግራ ዓይኑ ደግሞ በቦታው እንደቀረ አድርጎ አእምሮውን ማለማመድ አለበት። ሥልጠናው ከባድ የሚሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

የኤፍ-35 ተዋጊ ጄት ሄልሜት ነገሩን የበለጠ አራቀው። በአውሮፕላኑ ዙሪያ የተተከሉ ስድስት የኢንፍራሬድ ካሜራዎች ምስል በሄልሜቱ መስታወት ላይ ስለሚታይ አብራሪው ወደ እግሩ ሲመለከት ወለሉን አልፎ መሬቱን ያያል። የአንዱ ሄልሜት ዋጋ ወደ 400,000 ዶላር እንደሚደርስ ተዘግቧል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ፈስሶበትም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምስል መንቀጥቀጥ፣ የመዘግየትና የሌሊት ካሜራ ጥራት ችግሮች ገጥመውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሌላ መጠባበቂያ ሄልሜት እስከማሠራት ተደርሶ፣ የዋናው ችግሮች እየተቃለሉ ሲመጡ በ2013 መጠባበቂያው ተሰርዟል።

አንደኛው ፈተና፦ ብርሃን

ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ትደርሳለች። ሙሉ ጨረቃ ከ0.1 እስከ 0.3 ሉክስ ያህል ትሰጣለች። ኮከብ ብቻ ያለበት ጥርት ያለ ሌሊት ወደ 0.001 ሉክስ ይወርዳል፤ ሰማዩ በደመና ሲጋረድ ወደ 0.0001 ይጠጋል። በቀትርና በደመናማ ሌሊት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቢሊዮን እጥፍ ነው ማለት ነው።

መልካሙ ነገር የሌሊት ሰማይ ዓይናችን በማያየው የኢንፍራሬድ ክልል ብዙ ብርሃን መስጠቱ ነው። የሲሊኮን ሴንሰር እስከ 1,000 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ስለሚያይ ከዚህ ተጠቃሚ ነው። ሆኖም በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ የሚያርፈው የብርሃን ቅንጣት እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል።

ነጠብጣቡን የሚቀንሱ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሌንሱን ማስፋት ነው፤ ይከብዳል። ሁለተኛው ፒክስሉን ማተለቅ ነው፤ ዝርዝር ይጠፋል። ሦስተኛው ብርሃኑን ረዘም ላለ ጊዜ መሰብሰብ ወይም ተከታታይ ምስሎችን ደርቦ አማካያቸውን መውሰድ ነው። ይኼኛው ክብደት አይጨምርም፤ ወጪም የለውም፤ ምስሉንም ያሳምራል። እኛ የመረጥነው ይህን ነበር። የሚከፈለው ግን በጊዜ ነው።

ሁለተኛው ፈተና፦ መዘግየት

ሰፈር ውስጥ ኳስ ስናይ፣ ጨዋታውን በሬዲዮ የሚከታተል ጎረቤት ቀድሞ «ጎል!» ብሎ ሲጮኽ፣ እኛ ስክሪን ላይ አጥቂው ገና ኳሱን እየገፋ ያለበትን ጊዜ የማያስታውስ የለም። ምስሉ ትክክል ነው፤ ግን ያለፈ ነገር ነው። ኳስ ለማየት ጉዳት የለውም። ደረጃ ለመውረድ ግን አለው።

በሰከንድ 60 ምስል የሚያነሣ ካሜራ ለአንዱ ምስል ብርሃን ሲሰበስብ እስከ 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ማቀነባበሪያው ሙሉው ምስል እስኪደርሰው ከጠበቀ ሌላ 16.7 ይጨመራል። ስክሪኑም እንዲሁ ሙሉ ምስል እስኪሞላ ከጠበቀ ሌላ 16.7። ድምሩ 50 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይህም ገና ምስሎችን ሳንደራርብ ነው።

ሃምሳ ሚሊሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ሰው ግን ድንገት ዞር ሲል ራሱን በሰከንድ 100 ዲግሪ ያህል ማዞሩ የተለመደ ነው። 100 ዲግሪን በ0.05 ሰከንድ ብናባዛ 5 ዲግሪ ይሆናል። በ100 ሜትር ርቀት ላይ ላለ ነገር 5 ዲግሪ ማለት ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ስህተት ነው። የውስጠኛው ጆሮ «ዞረሃል» ይላል፤ ዓይን «ገና ነኝ» ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ የሚከተለው ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ሲብስም መውደቅ ነው።

መድኃኒቱ አለ። ካሜራው የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበበ ሙሉውን ምስል ሳይጠብቁ መስመር በመስመር ወደ ስክሪን ማሳለፍ አንዱ ነው። ሌላው ሄልሜቱ ላይ የራስን እንቅስቃሴ የሚለካ ጋይሮስኮፕ ገጥሞ፣ ምስሉ ከመታየቱ ቅጽበት በፊት ራስ በዞረበት መጠን ማንሸራተት ነው። ሁለተኛው ዘዴ የራስን መዞር ያካክሳል፤ የሚንቀሳቀስ እግርን ወይም እጅን ግን አያካክስም። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ መዘግየቱን ከምንጩ መቀነስ ነው። መዘግየቱ ወደ 20 ሚሊሰከንድ ሲወርድ ያ የ5 ዲግሪ ስህተት ወደ 2 ዲግሪ ዝቅ ይላል።

ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንዲት ትንሽ አምፖል ከካሜራው ፊት አስቀምጦ እያበሩና እያጠፉ፣ አምፖሏንና ስክሪኑን አንድ ላይ በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሣ ስልክ መቅረጽ ይበቃል። አምፖሏ በበራችበትና ስክሪኑ ባሳያት መካከል ያሉት ምስሎች ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱ 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። አሥራ ሁለት ከሆነ 50 ደርሷል።

ሦስተኛው ፈተና፦ ስፋትና ጥራት

ጤነኛ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ነጥቦችን ለይቶ ያያል። 40 ዲግሪ ስፋት ላለው ምስል ዓይን የሚችለውን ያህል ጥራት ለመስጠት 2,400 ፒክስል ወደ ጎን ያስፈልጋል ማለት ነው። 1,280 ፒክስል ያለው ስክሪን ቢገጠም በዲግሪ 32 ብቻ ይደርሳል፤ ይህም የዓይን አቅም ግማሽ ያህል ነው። ያንኑ ስክሪን ወደ 80 ዲግሪ ብንለጥጠው ወደ 16 ይወርዳል። ሰፊውን መረጥክ? ሩቅ ያለውን ሽቦ አታይም። ጥራቱን መረጥክ? ከጎንህ የሚመጣውን አታይም። ለሄሊኮፕተር አብራሪ ሽቦ ሞት ነው፤ ለእግረኛ ደግሞ የጎኑ እይታ ሚዛን መጠበቂያው ነው። ስለዚህ ለማን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ሌንስ መምረጥ ከንቱ ድካም ነው።

አራተኛው ፈተና፦ አንገት

አንድ ኪሎ ስኳር ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና እጅን ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም። ሄልሜትም እንዲሁ ነው። ከፊት ጎልቶ የሚወጣ ግማሽ ኪሎ ከላይ ከተቀመጠ ግማሽ ኪሎ ይልቅ አንገትን ያደክማል። አብራሪዎች ከኋላ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ያስራሉ፤ ሚዛኑ ቢስተካከልም አጠቃላይ ክብደቱ ግን ይጨምራል። በዲጂታሉ መንገድ ባትሪውንና ማቀነባበሪያውን ወደ ኋላ ወይም ወደ ወገብ መውሰድ ስለሚቻል ይህ አንዱ እውነተኛ ጥቅሙ ነው።

ከአውሮፕላን በመቀመጫ ተወርውሮ ለሚወጣ አብራሪ ነገሩ የድካም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ክብደታቸው ከ62 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ አብራሪዎች ለአንገት ጉዳት ይጋለጣሉ በሚል ኤፍ-35 እንዳያበሩ ታግደው ነበር። ሄልሜቱ ከ2.3 ወደ 2.1 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲቀልና መቀመጫውም እንዲስተካከል ተደርጎ እገዳው በ2017 ተነሣ። በዚህ ሙያ ሁለት መቶ ግራም የሰው ዕድሜ ነው።

አምስተኛው ፈተና፦ የስክሪኑ የራሱ ብርሃን

ማታ መብራት ድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ ምንም አይታየንም፤ ከቆይታ በኋላ ግን የቤቱ ዕቃ ይገለጥልናል። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። በጨለማ የምናይባቸው የዓይን ሕዋሳት ቫይታሚን ኤ ይፈልጋሉ፤ ሲያንሳቸው ዳፍንት የሚባለው ሕመም ይመጣል። ስክሪኑን ከመጠን በላይ ያደመቀ ንድፍ ለጤነኛው ሰው ዳፍንት ይሰጠዋል፤ ሄልሜቱን ባወለቀ ጊዜ ለደቂቃዎች ምንም አያይም።

ኤልሲዲ ስክሪን ከኋላው ሁልጊዜ የሚበራ መብራት ስላለው ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ ማሳየት አይችልም። የኤፍ-35 የባሕር ኃይል አብራሪዎች በጨለማ መርከብ ላይ ሲያርፉ የገጠማቸው ይኸው ነበር። አረንጓዴ ጭጋግ የመሰለው የስክሪኑ ብርሃን የመርከቡን ደካማ መብራቶች ሸፈነባቸው። መፍትሔው እያንዳንዱ ፒክስል ለብቻው የሚበራና የሚጠፋበት ኦሌድ ስክሪን ሆነ። የስክሪኑ ብርሃን ወደ ውጭ አፈትልኮ ፊትን ካበራ ደግሞ የለበሰውን ሰው ለሚፈልገው ጠላት ያሳየዋል።

አምስቱ በአንድ ላይ ሲመጡ

እነዚህ ፈተናዎች አንድ ላይ ሲገጥሙ ምን እንደሚሆን የአሜሪካ ጦር አይቫስ የተባለ ፕሮጀክት ያስተምራል። ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ በተባለው መነጽሩ ላይ ተመሥርቶ ለእግረኛ ወታደር ዲጂታል ማሳያ እንዲሠራ እ.ኤ.አ. በ2018 የ480 ሚሊዮን ዶላር ውል ተሰጠው። በ2021 ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 22 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ውል ተፈረመ። በ2022 የተደረገው የመስክ ሙከራ ግን ወታደሮች ራስ ምታት፣ የዓይን ድካምና ማቅለሽለሽ እንደገጠማቸው አሳየ፤ የማሳያው ብርሃን ከሩቅ መታየቱም ቅሬታ አስነሣ። በ2023 መጀመሪያ የአሜሪካ ምክር ቤት ለተጨማሪ ግዢ የተጠየቀውን 400 ሚሊዮን ዶላር ከልክሎ፣ 40 ሚሊዮን ዶላር ለማሻሻያ ብቻ ፈቀደ። በ2025 የፕሮጀክቱ ኃላፊነት ከማይክሮሶፍት ወደ አንዱሪል መዛወሩ ተገለጸ።

ገንዘብ አልጠፋም፤ ዕውቀትም አልጠፋም። ካሜራውም ስክሪኑም በጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ ነበሩ። ፈተናው የመጣው ሰው ለብሶት ሲራመድ ነው።

የእኔ ምክር

ዛሬ አዲስ ማሳያ ልንደፍ ብል የማደርገውን ልናገርና ላብቃ። መጀመሪያ የሚለብሰውን ሰው እጠይቃለሁ፤ ያበራል፣ ይራመዳል ወይስ ቁጭ ብሎ ይሠራል? ከካሜራው በፊት የመዘግየቱን ጣሪያ እወስናለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ማንኛውም የምስል ማሳመሪያ አይገባም። ቀጥሎ ክብደቱን ከነቦታው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ሠርቼ፣ አንዲት ሽቦ ሳይገባበት፣ ለሁለት ሰዓት አንገት ላይ እሞክረዋለሁ። የመጀመሪያው የሚሠራ ናሙና እንደደረሰ ደግሞ በመብራት፣ ደጋፊ ሰው ከጎን ቆሞ፣ ደረጃ ማስወረድ፣ ውኃ ከጆግ ወደ ብርጭቆ ማስቀዳት፣ ኳስ ማስቀለብ። እነዚህን ያላለፈ ማሳያ ወደ ጨለማ አይወጣም።

እኛም በመጨረሻ ይህንኑ አደረግን። ምስሎቹን መደራረብ ተውን፤ መስመር በመስመር ማሳለፍ ጀመርን። አዲሱ ምስል ከቀድሞው ይልቅ በነጠብጣብ የተሞላ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ስናሳየው ያጨበጨበ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ግን ከምስሉ አጠገብ የመዘግየቱን ቁጥር በትልቁ ጽፌ አቀረብኩ።

አብራሪው እጃቸው ከዳነ በኋላ ተመልሰው መጡ። ምስሉ ካለፈው የባሰ መሆኑን ፈገግ ብለው ነገሩኝ። ከዚያ በዚያችው መውረጃ፣ በዚያው ጨለማ፣ ድጋፉን ሳይይዙ ሦስቱንም ደረጃ ወረዱ።